በበቆሎ መሐል የጠፋችው አደራ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ወር ላይ ነው። ብዙ ጊዜ አልፎታል ማለት አይቻልም፤ እስከ ዛሬም በቆሎ የጫነ መኪና ባለፈ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ቡሬ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች ትዝ ይሉኛል። አንዳንዶቹን ስማቸውን እንኳ አላውቅም። በልቤ ብቻ ከማመሰግናቸው ሰውም ይስማልኝ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። እናቴ ከማንኩሳ ገባ ብሎ ባለ ገጠር ከታናሽ ወንድሜ ከይበልጣል ጋር ይኖራሉ። እሱ ያርሳል፤ እሳቸው ቤቱን ያዛሉ። እርሻውንም የሚያዙት እሳቸው ናቸው ብል ይበልጣል አይቀየመኝም፤ እውነት ነውና።

እናቴ ከተማ ውስጥ አንዲት የልብ ወዳጅ አሏቸው። እትዬ ከድጃ ይባላሉ፤ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ወዳጅነታቸው እኔ ሳልወለድ የጀመረ ነው። እናቴ ገበያ ወጥተው ያልተሸጠላቸውን እህል እትዬ ከድጃ ሱቅ እያስቀመጡ ይመለሱ ነበር። በኢድ እናቴ ማር ይልካሉ፤ በፋሲካ እትዬ ከድጃ ከነነፍሱ ያለ ዶሮ ይልካሉ። አንዷ ለሌላዋ የሚሆነውንና የማይሆነውን ሁለቱም ጠንቅቀው ያውቃሉ።

መስከረም ላይ እትዬ ከድጃ ታመሙ። አዲስ አበባ ሄደው ከባድ ቀዶ ሕክምና እንዲያደርጉ ተነገራቸው። አስታማሚያቸው አንዲቱ ልጃቸው ዘሃራ ስለነበረች ቤቱ ሊዘጋ ሆነ። ከመሄዳቸው በፊት እናቴን ሱቁ ጓዳ አስገቧቸውና በጥቁር ሻሽ የተቋጠረች ነገር እጃቸው ላይ አኖሩላቸው። የዘሃራ የሠርግ ጌጥ እንደሆነ፣ ቢመለሱ ራሳቸው እንደሚቀበሉ፣ ባይመለሱ ግን ለዘሃራ እንዲሰጡላቸው ነገሯቸው። እናቴም "ትመለሻለሽ" ብለው ቋጠሮዋን ጉያቸው ውስጥ አስገቡ። ከዚህ ሌላ የተባባሉት ነገር የለም።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። እናቴ ዘንድ አደራ ማለት ለልጅም የማይነገር ነው።

ቋጠሮዋን የደበቋት የዘር በቆሎ የያዘች ከረጢት ውስጥ ነበር። ይህ በእኛ አገር የሞኝ ሥራ አይደለም። ሌባ ቢገባ ሳጥን ነው የሚሰብረው። የቤት ሰው ደግሞ እህል ቢያልቅበት ከጎረቤት ይበደራል እንጂ ዘር አይፈጭም። ዘር ላይ እጅ አይሰነዘርም ተብሎ ያደገ ሰው ከዘር የተሻለ መደበቂያ ሊያስብ አይችልም።

ችግሩ ጊዜው መለወጡ ነው። አሁን በቆሎ የሚዘራው በየዓመቱ በሚገዛ ምርጥ ዘር ነው። እናቴ ግን ከየምርቱ አንድ ከረጢት እየለዩ "ዘር" ብለው ማስቀመጣቸውን አልተዉም። ማንም አይዘራውም። ክረምቱ ሲገባ ራሳቸው እያወጡ ለዶሮ ይበትኑታል። ለይበልጣል እንግዲህ ያች ከረጢት የእናቱ ዐመል እንጂ ዘር አልነበረችም።

አንድ ቀን እናቴ ሌላ መንደር ልቅሶ ሄደው ሳለ እህል ነጋዴው አይሱዙ ይዞ መጣ። ይበልጣል በቆሎውን ጫነለት። ለመሙላት ትንሽ ጎደል ሲልበት የዘሩን ከረጢት ከጥጉ አንስቶ ጨመረበት። ለዶሮ ከሚሄድ ብሎ ነው።

በማግሥቱ ማታ እትዬ ከድጃ ደወሉልኝ። ድነው ከዘሃራ ጋር ፍኖተ ሰላም መግባታቸውን፣ የዘሃራ ኒካህም ረመዳን ሳይገባ እንደሚታሰር ነገሩኝ። የዘሃራን ቀሚስ የምሰፋው እኔ ስለነበርኩ ስለ ጨርቁ ብዙ አወራን። ሊዘጉ ሲሉ "እናትሽ ለገበያ ሲመጡ ያችን ነገር ይዘውልኝ እንዲመጡ ንገሪልኝ" አሉ። ያች ነገር ምን እንደሆነች ባላውቅም መልእክቱን ለእናቴ በስልክ አደረስኩ። ትንሽ ቆይተው መልሰው ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ ይበልጣል ዘሩን ሸጦታል" አሉኝ።

"ታዲያ ምን ይሁን እማ? ለዶሮ አይደል የሚሄደው?"

"የከድጃ አደራ ውስጡ ነበር።"

መቀስ ይዤ ቆሜ ነበር። የተቆራረጠ ጨርቅ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰማይ ሩቅ ነው፣ አደራ ጥብቅ ነው ይባላል። አደራ በላ የተባለ ሰው በእኛ አገር ለቅሶ ቤት እንኳ ሲገባ ሰው ጠጋ አይልለትም። እናቴ ባልሰረቁት አደራ በላ ሊባሉ ነው፤ ያውም በሽተኛ ወዳጃቸው ባስቀመጡት፤ ያውም የሙሽራ ጌጥ። ሌሊቱን ዓይኔ አልተከደነም።

ይበልጣል ለነጋዴው ደውሎ በቆሎው ቡሬ አንድ የዱቄትና የመኖ ፋብሪካ መራገፉን ሰማ። በማለዳ ከፍኖተ ሰላም ሚኒባስ ይዤ ተነሳሁ። እናቴና ይበልጣል ማንኩሳ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበርና ተሳፈሩ። እናቴ መስኮት ዳር ተቀምጠው ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ይበልጣል ከኋላዬ ጎንበስ ብሎ "እታለም፣ እኔ እኮ ምን አውቄ" ይለኛል። አለማወቅህንማ ማን ይክድሃል አልኩት። ቡሬ እስክንደርስ ስሰድበው ነው የሄድኩት፤ ደግነቱ እሱ ስድብ ሲበዛበት የሚያቀረቅር ሰው ነው።

የፋብሪካው ዘበኛ አላስገባም አለ። እኔ ስጨቃጨቅ እናቴ ወደ እሱ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ የሰው አደራ እዚህ ግቢ ውስጥ ገብቶብኝ ነው" አሉት። ዘበኛው ሌላ ጥያቄ ሳይጠይቅ ስልክ አነሳ። ጥቂት ቆይቶ ዱቄት የነካው ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ሰው ወጣ። ዳዊት እባላለሁ፣ የማሽኖቹ ባለሙያ ነኝ አለን። ጉዳዩን እስከ መጨረሻው አዳመጠንና መጋዘኑን ሊያሳየን ወሰደን።

ከረጢቱ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ሁሉም ነጭ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። መኪና ውስጥ "የቤታችንን ከረጢት የትም አውቀዋለሁ" ሲል የነበረው ይበልጣል ክምሩን አንጋጦ ያይ ጀመር። እኔም እየተዘዋወሩ መፍታት ዘበት እንደሆነ ገባኝ። የባሰው ደግሞ ከዚያው ክምር ጠዋት መፍጨት መጀመራቸው ነው።

ዳዊት ግን ተስፋ አልቆረጠም። ወደ ውስጥ ይዞን ገባ። ከረጢቶቹ ጉድጓድ መሰል ነገር ውስጥ ይገለበጣሉ። ከዚያ በቆሎው በሰፊ የጎማ ቀበቶ ላይ እየተጓዘ ወደ ወፍጮው ይሄዳል። ቀበቶው መሐል መንገድ ላይ በጥቁር ሸራ የተከለለ ትልቅ ሣጥን ሥር ያልፋል። ዳዊት ሸራውን ገለጥ አድርጎ አሳየን። ከላይ የሠርግ ቪዲዮ የሚያሳዩበትን ፕሮጀክተር የመሰለ ነገር በቆሎው ላይ ብርሃን ይለቃል። ብርሃኑ ግን ሙሉ አይደለም፤ አንድ መስመር ብርሃን፣ አንድ መስመር ጨለማ፣ ደግሞ ብርሃን፣ ደግሞ ጨለማ እያለ ቀበቶውን ያለብሰዋል። ግራና ቀኝ ካሜራዎች ተተክለዋል።

"በቆሎው ተስተካክሎ ሲያልፍ መስመሮቹ ቀጥ ይላሉ" አለ ዳዊት። "ከመሐሉ ከፍ ያለ ነገር ካለ ግን መስመሩ እዚያ ሲደርስ ይታጠፋል። ካሜራዎቹ መታጠፉን ያያሉ፤ ኮምፒውተሩ ቀበቶውን ያቆመዋል። አንድ ጊዜ ብረት ገብቶ ወፍጮውን ስለሰበረብን ነው ያስገባነው።"

እኔ ለማሽን እንግዳ ነኝ፤ ይህ ግን ወዲያው ገባኝ። ባለ መስመር ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መቀሴን ከሥሩ ረስቼው እንደሆነ የሚነግረኝ መስመሩ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ይጎብጣል። ይህንኑ ለዳዊት ስነግረው "በቃ እሱ ነው" አለኝ።

"እንግዲያው ጠዋት ካለፈችም ይይዛት ነበር?" ብዬ ጠየቅኩት።

እዚህ ላይ ፊቱ ቀዝቀዝ አለ። ብርሃኑ የሚያየው የላዩን ብቻ ነው። በቆሎው በወፍራሙ ሲሄድ ትንሽ ቋጠሮ ከሥር ተቀብራ ልታልፍ ትችላለች። ጠዋት ማሽኑ ያቆመው ነገር አልነበረም። ይህ ማለት ቋጠሮዋ ገና አልደረሰችም፣ ወይም ተቀብራ አልፋለች ማለት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እሱም አላወቀም።

"አንድ ነገር ግን ማድረግ ይቻላል" አለ። የበቆሎው መውረጃ ላይ ያለውን በር ዝቅ ቢያደርገው በቆሎው ስስ ሆኖ፣ ፍሬው ከፍሬ ሳይደራረብ ሊያልፍ ነው። ያኔ የምትቀበር ነገር የለችም። ሥራው ግን እንደ ቀንድ አውጣ ይሄዳል። ሥራ አስኪያጁን ሊያስፈቅድ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። የቀን ሠራተኞች እስኪወጡ ድረስ ብቻ ፈቀዱ።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ከጫኝና አውራጆቹ ነው። እነሱ የሚከፈላቸው ባራገፉት ልክ ነው። አለቃቸው ፎጣ ጭንቅላቱ ላይ የጠመጠመ ግዙፍ ሰው ነበር። "ለአንድ ቋጠሮ ብለን ቀናችንን ልናቃጥል ነው?" አለ። ልክ ነው፤ ያኔ ግን ልክ መሆኑ አልታየኝም። ልመልስለት አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ያዝ አድርገው ወደ ፊት መጡ።

"ልጆቼ፣ የራሴ ቢሆን ጠፋ ብዬ ቤቴ እገባ ነበር። ከሥራችሁም አላስቆማችሁም ነበር። የሰው ነው። ለሞት ለሽረት ስትሄድ ነው የሰጠችኝ" አሉ።

ሰውየው ፎጣውን አወረደና ፊቱን ጠረገበት። ጓደኞቹን ዞር ብሎ አያቸው።

"እንግዲህ እኛም ሰማን" አለ። "ሳንሰማ ብንፈጨው የማንም ጥፋት አይደለም። ከሰማን በኋላ ብንፈጨው ግን አደራው የእኛም ነው። በሉ፣ ቀስ እያላችሁ ገልብጡ።"

አንድም ሰው አላጉረመረመም። አንደኛው ባዶ ከረጢት አጥፎ እናቴን አስቀመጣቸው። ይበልጣል ኮቱን አውልቆ ከረጢት መሸከም ጀመረ። መጀመሪያ ሳቁበት፤ ቀጥሎ ግን ገበሬ መሆኑን ሲያዩ ከባድ ከባዱን ይሰጡት ጀመር። አልራራሁለትም።

ቀበቶው በዝግታ ተነሳ። እኔ ከዳዊት አጠገብ ሆኜ ኮምፒውተሩን አያለሁ። መስመሮቹ እንደ ጥሩ ጥለት ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። ድንገት አንዱ ጎበጠ፤ ቀበቶው ቆመ፤ ቀይ መብራት በራ። ዳዊት እጁን ሰዶ አወጣው፤ ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነበር። ካሜራዎቹ ላይ የተቀመጠውን ዱቄት በጨርቅ ጠራርጎ እንደገና አስነሳው።

ደግሞ ቆመ፤ ድንጋይ ነበር። ደግሞ ቆመ፤ የሕፃን ላስቲክ ጫማ። ከዚያ ደግሞ ቁልፉ እላዩ ላይ የተሰካ ጓጉንቸር ወጣ። ይበልጣል ከረጢት እንደተሸከመ አይቶት "ይኼስ የማን አደራ ይሆን" አለ። እናቴ ቀና ብለው አዩት፤ ወዲያው ሥራው ትዝ አለው።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። አውራጆቹ ዳቦና ሻይ አካፈሉን። እናቴ ዳቦውን በእጃቸው ይዘው ቀሩ። በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ፤ እትዬ ከድጃ ናቸው። አላነሳሁም። ማን እንደሆኑ እናቴ ከፊቴ አወቁ። "ለምን አታነሽም?" አሉኝ። ስናገኘው እመልስላቸዋለሁ አልኳቸው። የእኔ ሐሳብ ነገሩ ተፈጽሞ እትዬ ከድጃ ምንም ሳይሰሙ እንዲቀር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነጋዴያችን ያራገፈው ክምር አለቀ። የመጨረሻው ከረጢት ተገለበጠ፤ መስመሮቹ ሳይነቃነቁ አለፉ። ዳዊት ኮምፒውተሩን ያያል። እኔ ዕንባዬ መጣ። እንግዲያው ጠዋት አልፋለች፤ የዘሃራ ጌጥ ወፍጮ ውስጥ ገብቷል።

እናቴ ከተቀመጡበት ተነሥተው ቀሚሳቸውን አራገፉ። "በቃ ልጆቼ፣ ደከማችሁልኝ። እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። የእኔን ሆድ ያባሰው ይኸው ነው።

ያን ጊዜ አለቃው "ቆዩማ እናቴ" አለ። "የእርስዎ ከረጢት አሮጌ ነበረች?"

"አሮጌ ነበረች። በመርፌ ጠቅሜያት ነበር።"

"ስናራግፍ የተቀደዱ አሉ። የፈሰሰውን ጠርገን ጥግ ላይ ነው ያከማቸነው። እሱ ገና አልገባም።"

ጥጉ ላይ አቧራና ገለባ የተቀላቀለበት የበቆሎ ቁልል ነበር። ልማዱ ሳምንቱ ሲያልቅ አበጥረው ማስገባት ነው። እነሱ ግን አካፋ አነሡ። የቀን ሥራቸው ሊያበቃ ተቃርቦ ነበር፤ ማንም ሰዓት አልጠየቀም።

በቆሎው ቆሻሻ ስለነበረበት ማሽኑ በየአፍታው ይቆማል። ገለባ፣ አፈር፣ ደግሞ ቆረቆንዳ። ዳዊት በየጊዜው የካሜራዎቹን መስተዋት ይጠርጋል። እኔ ማየት ሰልችቶኝ ወደ እናቴ ዞር ባልኩበት ቅጽበት ቀበቶው ቆመ። ኮምፒውተሩ ላይ መስመሮቹ ተከታትለው እንደ ግማሽ ቀለበት ጎብጠዋል። ዳዊት ሸራውን ገለጠ፤ ከዚያ አቧራ የለበሰች ጥቁር ቋጠሮ በመዳፉ ይዞ ብቅ አለ።

እናቴ "ተመስገን" አሉ፤ በጣም ዝግ ብለው። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

ሥራ አስኪያጁ በዚህ መሐል ሊያዩን መጥተው ነበር። "ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ" አሉ። "እዚህ ግቢ ስንት ሰው እህል ይሸጣል። ነገ ሌላ ሰው የእኔ ነበር ብሎ ቢመጣ ምን እመልሳለሁ? ውስጡ ያለውን ይንገሩኝና ልስጥዎት።"

"አላውቀውም" አሉ እናቴ።

"እንዴት አያውቁትም? ቤትዎ አይደለም የከረመው?"

"አልፈታሁትማ።"

እናቴ ሻሹ ስንት ጊዜ እንደተቋጠረ፣ በአረንጓዴ ክር እንደታሰረ፣ ክሩ በየት በኩል እንደተተረተረ ተናገሩ። ሥራ አስኪያጁ ይህን አሁን ሁላችንም እያየነው ነው አሉ። በጣም ተናደድኩ። ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ ብዬ "ወርቅ ነው ይበሏቸው፤ ሌላ ምን ይሆናል?" አልኳቸው።

"ያላየሁትን አልመሰክርም" አሉኝ። ቀጥለውም "ለከድጃ ደውዪላት" አሉ።

"እማ፣ ሁሉን ነገር ሊሰሙ ነው እኮ።"

"ትስማ።"

ደወልኩ። ሥራ አስኪያጁ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጊው አሉኝ። እናቴ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም። "ከድጃ፣ አደራሽን ጥዬው ነበር" ብለው ጀመሩና ዘሩን፣ መኪናውን፣ ፋብሪካውን አንድ በአንድ ነገሯቸው። ልጄ ነው የሸጠው አላሉም፤ "ከቤቴ ወጣ" ብቻ ነው ያሉት። ይበልጣል ፊቱን ወደ መሬት ደፋ።

ከዚያ እትዬ ከድጃ "ቆይ፣ አንቺ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነሽ? እህል ቀምሰሻል?" አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ተቀብለው አስረዱ። እትዬ ከድጃ ቋጠሮው እንዲፈታ ፈቀዱ። ዳዊት ክሩን መፍታት ሲጀምር እናቴ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

"የጆሮ ወርቅ አለ" አሉ እትዬ ከድጃ። ዳዊት አገኘው። "የአንገት ሐብል አለ፤ መቆለፊያው ተሰብሮ በክር ታስሯል።" እሱም አለ። "የእናቴ ቀለበት አለ።" አለ። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዳዊት ግን "አንድ ነገር ይቀራል፤ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ" አለ።

እትዬ ከድጃ መልሰው "እሷ ትሰማኛለች?" ብለው ጠየቁ።

"ይሰማሉ" አለ ዳዊት።

"እንግዲህ ምን ይደረጋል። እሱ የብር መስቀል ነው፤ የእሷ ነው። ብመለስ በእጄ አንገቷ ላይ ላስርላት ነበር። ባልመለስ ደግሞ ዘሃራ ስትፈታው አግኝታ ትሰጣታለች ብዬ ነው። አንጥረኛው መስቀል ስትይ ምን ነካሽ ብሎ ሲያየኝ ነበር።"

ዳዊት ነጩን ጨርቅ ገለጥ አድርጎ ለሥራ አስኪያጁ አሳየ። ትንሽ፣ ጥርት ያለች መስቀል ናት። ከአውራጆቹ አንዱ አማተበ። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወረዱና መጥረግ ጀመሩ። ከዚያ እናቴን ተጠግተው "ይኸው እናቴ፣ ይረከቡ" አሉ።

እናቴ አልዞሩም። እያለቀሱ ነው። "መጀመሪያ መልሳችሁ ቋጥሩት" አሉ። "በፊት እንደነበረ አርጋችሁ እሰሩት። ያኔ እዞራለሁ።"

እኔ ነኝ የቋጠርኩት። ሻሹን በነበረበት አጥፌ አረንጓዴውን ክር አሰርኩበት። ስጨርስ እናቴ ዞሩ፤ ቋጠሮዋን ስመው ጉያቸው ውስጥ አስገቡ። ከዚያ እየዞሩ አውራጆቹን አንድ በአንድ መረቁ። አለቃው ጎንበስ ብሎ ተቀበለ። ያንን ዕለት ከሌላው ቀን ያነሰ ይዘው ነው ወደ ቤታቸው የገቡት፤ ለእኛ ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። ሥራ አስኪያጁንም ቢሆን ዛሬ ሳስባቸው አልቀየማቸውም። እጃቸው የገባውን የሰው ነገር ለባለቤቱ ለማድረስ ነው የተጨነቁት። የእናቴም ጭንቀት ይኸው ነበር።

በማግሥቱ ፍኖተ ሰላም ላይ እትዬ ከድጃ ቋጠሮዋን በእናቴ ፊት ፈቱት። ከሕመሙ በኋላ እጃቸው ገና ይደክማል። መስቀሏን አንገታቸው ላይ ሲያስሩላቸው ጊዜ ወሰደባቸው፤ እናቴም አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁ። ከዚያ ሁለቱም ስለ ሠርጉ ድግስ ማውራት ጀመሩ። ዳዊትን ጠርተነው ለኒካሁ መጣ፤ ዘሃራም ጌጧን አድርጋ ከእሱ ጋር ፎቶ ተነሣች። አለቃውና ጓደኞቹ ሥራ አለብን ብለው ቀሩ። እናቴ ድፎ ዳቦና ማር ላኩላቸው።

አንድ ቀን እቤት ሳለን እናቴን ልተርባቸው ፈልጌ "የራስዎትን መስቀል እኮ ነው ከመስከረም እስከ ጥር በበቆሎ ውስጥ ደብቀው የከረሙት" አልኳቸው።

"የእኔ አልነበረም" አሉኝ። "ከድጃ እስክትሰጠኝ ድረስ የከድጃ ነበር።"

ይህን ያህል ንጹሕ ሰው እናቴ በመሆናቸው ደስ ይለኛል። ያን ቀን ግን ንጽሕናቸው ብቻውን አያድናቸውም ነበር። ወፍጮውን ቀስ ያደረገላቸው ዳዊት፣ አካፋ ያነሡላቸው የማያውቋቸው ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ እናቴ ዛሬ በፍኖተ ሰላም ገበያ አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚያልፉት። ቀና ብለው ሲያልፉ ባየሁ ቁጥር እነዚያን ሰዎች አመሰግናለሁ።